ጨው ቀማሹ

እኔ ሻንጣ ሻጭ ነኝ። ሳዑዲ አገር፣ ጉበይራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለችው ጠባብ ሱቅ የእኔ ናት። ከዚህ ሰፈር ወደ አገሩ የሚገባ ሐበሻ ሁሉ አንድ ቀን በእኔ በኩል ማለፉ አይቀርም። ሻንጣ እሸጣለሁ፣ ካርቶን አሽጋለሁ፣ በገመድ አስራለሁ። የእኔን ቋጠሮ ቦሌ ላይ ዕቃ የሚያወርዱት ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል ይባላል፤ ወሬውን ያስወራሁት እኔ ብሆንም ውሸት ግን አይደለም። ስሜ ደምሴ ነው። ሰው የሚጠራኝ ደምሴ ሻንጣ እያለ ነው።

ትምህርቴን የጨረስኩት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ነው፤ የጀመርኩትም እዚያው። መናኸሪያ ያስተማረኝ ትልቁ ነገር፣ ሰው ያለ ምክንያት ምንም እንደማይሰጥ ነው። አንድ ሰው ዕቃ በነጻ ከሰጠህ ገልብጠህ ከሥሩ እይ፤ ወይ ተሰንጥቋል ወይ የሌላ ሰው ነው። በዚህ ትምህርት ብዙ ዓመት ኖሬበታለሁ፣ አትርፌበታለሁም። አንዲት ሴት በማንኪያ ሾርባ እስክታበላሽብኝ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። የምንኖርበት ሕንፃ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑ ከሥጋና ከወተት ታቅቧል፣ ሙስሊሙ ቀኑን ሙሉ ውሃም አይቀምስም። ከላይ እስከ ታች የማይጾመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሱቁ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ዳቦ በእንቁላል ይበላ ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ፤ የተደበቅኩ መስሎኝ እንጂ ሁሉም ያውቅ ኖሯል።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት አለም መጋረጃውን ገልጣ ገባች። አለም ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር የጎጃም ሴት ናት፤ ሱለይማኒያ የሚባል የሀብታም ሰፈር እየሄደች በሰዓት የሰው ቤት ታጸዳለች። በአንድ እጇ ትንሽ ድስት፣ በሌላው ማንኪያ ይዛለች።

«ደምሴ፣ ቅመስልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«የዶሮ ሾርባ። ጨው ይበቃዋል?»

«ራስሽ አትቀምሺውም?»

«ሁዳዴ ነው እኮ።»

«ታዲያ ከሙስሊሞቹ አንዷን…»

«ረመዳን ነው እኮ።» ማንኪያውን ወደ አፌ አስጠጋች። «በዚህ ሕንፃ ውስጥ ቀን ቀን ሾርባ የሚቀምስ አንተ ብቻ ነህ። እስካሁን ሦስት ጊዜ በግምት ጨመርኩና የታመመችዋን ልጅ አቃጠልኳት።»

ቀመስኩ። ጨው በዝቶበት ነበር። እንዲህ ሆኖ ነው ሥራውን የጀመርኩት፤ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ውል።

የታመመችው ልጅ ሰዓዳ ትባላለች፤ የከሚሴ ልጅ ናት። ሱለይማኒያ አንድ ቪላ ውስጥ ስትሠራ መስኮት ልትወለውል የወጣችበት መሰላል ተንሸራቶ እግሯ ተሰበረ። አሠሪዎቿ ሆስፒታሉን ከፈሉ፣ የመውጫ ቪዛ አስመቱላት፣ ትኬት ቆረጡላት። እስክትሄድ የሚያስታምማት ግን ጠፋ። አለም ይህን ሰማችና ታክሲ ይዛ ሄደች፣ አምጥታ አልጋዋ ላይ አስተኛቻት። እሷ ራሷ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፋ መተኛት ጀመረች። ድስት እንኳን አዲስ ገዛችላት፤ ልጅቱ በክርስቲያን ድስት ቅር እንዳይላት ብላ።

እኔ ደግሞ በየቀኑ ማንኪያውን ስመልስ እጠይቃታለሁ።

«አለም፣ ይህች ልጅ ምንሽ ናት?»

«ምኔም አይደለችም።»

«የአገርሽ ልጅ አይደለችም። የሃይማኖትሽ አይደለችም። ዘመድሽ አይደለችም።»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ምን ታገኚበታለሽ?»

«ጨዉን ንገረኝና ልሂድበት፤ ይቀዘቅዛል።»

ገልብጬ ከሥር ለማየት ብዙ ሞከርኩ። ልጅቱ ወርቅ ይኖራት ይሆን? የላትም። ወንድሟ ሀብታም ይሆን? ባጃጅ ነጂ ነው። አለም የምታተርፍበትን ነገር ፈልጌ ማጣቴ እንቅልፍ ባይነሳኝም ጥርስ መሐል እንደተሰነቀረ ሥጋ ያሳክከኝ ነበር።

የሰዓዳ መሄጃ ቀን ሲቃረብ ችግር መጣ። ሐኪሙ የሰጣት ወረቀት መብረር የምትችለው አጃቢ ካላት ነው ይላል። አብራት ልትሄድ የነበረችው ልጅ ደግሞ ወረቀቷ ሳያልቅላት ቀረ። የሰዓዳ የመውጫ ቪዛ በማግስቱ ያበቃል። ካለፈባት እንደገና ቢሮ፣ እንደገና ልመና፤ ሐኪሙ ደግሞ እግሩ ቶሎ ካልታየ አጥንቱ እንደተጣመመ ይጋጠማል ብሏል።

አለም ያን ዕለት ያለ ድስት መጣች።

«ነገ አገር ቤት ትገባለህ አይደል?»

እገባ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ዕቃ ይዤ እገባለሁ፤ ያን ጊዜ የሙሽራ ቬሎ ነበር የያዝኩት። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል፤ መርካቶ ላይ የሚጠብቀኝ ደንበኛ ነበር። አውሮፕላኑም የሰዓዳው አውሮፕላን ነው።

«አጃቢ ሆነህ ውሰዳት።»

አሰብኩ። የሻንጣ ነጋዴ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣለት ኪሎ ነው። ሰዓዳ ከትንሽ ሻንጣ በቀር የላትም። የተፈቀደላት ኪሎ ባዶውን ሊሄድ ነው።

«ኪሎዋን ትሰጠኛለች?»

«ውሰድ» አለች አለም።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

ሳይከራከሩኝ የሚሰጡኝ ነገር ያስፈራኛል። ግን ኪሎ ኪሎ ነው፤ ተስማማሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ የአለምን ክፍል ሞሉት። ታማ የመሰለችን ሴት አውሮፕላን አይጭናትም የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳርሷል። ወረቀት አላት ብል ማን ይስማኝ።

«ወረቀቱን ማን ያነባል? ፊቷን ነው የሚያዩት» አለች አንዷ።

ስለዚህ ሰዓዳን ጤነኛ ማስመሰል ጀመሩ። እጇ ላይ ሂና ሣሉላት። ዓይኗን ተኳለች። ከእኔው ሱቅ የሚያብለጨልጭ የአንገት ጌጥ አስወጡኝ፤ ክፍያውን ማንም አላነሳውም። ጥልፍ ያለው አባያ አለበሷት። ሽቶው ደረጃው ድረስ ይሸታል። ክራንቿንስ?

«እሱን ካዩማ አለቀ» ተባለ። «ደምሴ፣ ካርቶኑ ውስጥ ክተተው።»

እኔም ከተትኩት። ክራንቹን በቬሎዎቹ መሐል አጋደምኩ፣ ካርቶኑን አሸግኩ፣ በዚያ በተመሰገነው ቋጠሮዬ ግራና ቀኝ ጠፈርኩት። እንዲህ ያለ ጥሩ እሽግ ሠርቼ አላውቅም። ልጅቱ በምን ልትራመድ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ጥያቄው የመጣልን ደረጃው አፍ ላይ ቆመን ነው።

«ተሸከማት እንግዲህ» አለችኝ አለም።

«ስምምነታችን ውስጥ ይሄ አልነበረም።»

«አልነበረም» አለች፤ የመኪናውንም በር ልትከፍት ወረደች።

ተሸከምኳት። ወደ አገሬ ስገባ ሁልጊዜ ሱፍ ነው የምለብሰው፤ ሱፌ በሂና እንዳይበላሽ አንገቴን ወደ ጎን አዘንብዬ ወረድኩ። አለም ሥራ ስለነበረባት አልመጣችም። ሰዓዳን ግንባሯን ሳመቻት፣ ቴርሞስ ሰጠቻት፣ በቃ። ያን ያህል ጊዜ ያስታመመቻትን ሰው ስትሸኝ ንግግር ታደርጋለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

መኪና ውስጥ ሰዓዳ ቴርሞሱን ከፍታ አንዴ ጎነጨችና ማልቀስ ጀመረች።

«ምነው፣ ጨው በዛ?» አልኳት።

«ኧረ አይደለም ጋሼ። ይሄ ሾርባ በጉሮሮዬ አልወርድ እያለኝ ነው የከረመው።»

«አሁን ሰማሁሽ። እኔ እኮ ነኝ የቀመስኩት።»

ሳቀች፤ እያለቀሰች። ከዚያ ነገረችኝ። እሷ ሱለይማኒያ እዚያ ቪላ ስትገባ አለም እዚያው ትሠራ ነበር። ሰዓዳ አዲስ ናት፣ ቋንቋ አታውቅም። አንድ ቀን የመዳሟን የሠርግ ቀሚስ ስትተኩስ አቃጠለችው። መዳም ስትጮህ ሰዓዳ በድንጋጤ ጣቷን ቀሰረች፤ ወደ አለም። አለም በዚያው ሳምንት ከቤቱ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ነው በሰዓት እየዞረች የምትሠራው።

«ወላሂ፣ ልነግራት እያልኩ ማንኪያውን ስታጎርሰኝ ምላሴ ይታሰራል። ሳታውቅ ልሄድ ነው። አንተ ንገርልኝ፣ ጋሼ።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ይዤ ማደር አልወድም። ወዲያው ለአለም ደወልኩላት።

«አለም፣ ያ የተቃጠለው ቀሚስ…»

«አዎ።»

«ያቃጠለችው ሰዓዳ ናት።»

«አውቃለሁ። ካውያው እጇ ላይ እያለ አየኋት እኮ።»

ሾፌሩ በመስታወት ያየኛል።

«እያወቅሽ አልተናገርሽም?»

«የመጣች ሳምንት ነበር። ሌሊት ሌሊት እናቷን እየጠራች ታለቅስ ነበር። እኔ ከተማውን አውቀዋለሁ፤ እሷን ቢያስወጧት የት ትገባለች?»

«እሺ ያኔስ ይሁን። አሁን አምጥተሽ ማስታመሙ ምን የሚሉት ነው?»

«እግሯ ተሰብሮ ነበራ» አለች፤ ሌላ መልስ ያለው አልመሰላትም። ከኋላዋ የሚጠርግ መጥረጊያ ይሰማል። «ደምሴ፣ ጌታ እኔን የወደደኝ ምን አስቀድሜለት ነው? በነጻ ነው ያገኘሁት። በነጻ ያገኘሁትን እየመዘንኩ ልስጥ? በል ስልኩን ስጣት።»

ሰጠኋት። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ሰዓዳ ብቻ «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» እያለች አንድ ሁለቴ በአፍንጫዋ ሳቀች። ስልኩን ስትመልስልኝ፣

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«የቴርሞሱን ክዳን በደንብ ግጠሚ፣ የጋሽ ደምሴ ሱፍ ይቆሽሻል አለችኝ።»

አየር ማረፊያው በሰው ተጨናንቋል፤ ሰልፉ ከአገራችን ልጆች በቀር ሌላ ያለበት አይመስልም። ካርቶኖቹን ጋሪ ላይ ጫንኩ። ሰዓዳ በአንድ እግሯ ቆማ በሙሉ ክብደቷ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች። ሰልፉን ሳየው መጨረሻው አይታይም፤ እሷ ደግሞ ላብ አጥምቋታል። ወድቃ ብትታይ የሁላችንም ልፋት ገደል ገባ። ተሽከርካሪ ወንበር ልጠይቅ ብላት «ካዩኝ ይመልሱኛል» ብላ ክንዴን ጨመቀችው።

ፊታችን ያለችው ወይዘሮ ዞር አለች። መጀመሪያ ሂናውን አየች። ቀጥላ ጌጡን። ቀጥላ ክንዴ ላይ እንዴት እንደተደገፈች። መጨረሻ የእኔን ሱፍ አየች።

እልል አለች።

ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያማ ማን ያቆማቸዋል፤ ለዓመታት በሰው ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የኖሩ ሴቶች ናቸው፣ ወደ አገራቸው እየገቡ ነው፣ ሙሽራ አገኙ። አንዷ ጭብጨባ ጀመረች። «ሙሽሮቹን አሳልፏቸው፣ ያላ» ተባለ፤ ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። እኔ አፌን ከፍቼ ላስረዳ ስል ሰዓዳ «ዝም በል ጋሼ፣ እግሬ አልቻለም» አለችኝ። ዝም አልኩ። ጋሪውን እየገፋሁ፣ ሚስት ሳላገባ ተሞሸርኩ፣ ፊት ደረስኩ።

ሚዛኑ ጋ ያለው ወጣት የሳዑዲ ልጅ ነው፤ ፈገግ ብሎ «መብሩክ»፣ እንኳን ደስ አላችሁ፣ አለን። ካርቶኑን በማሽን ሲያዩት ግን ፈገግታው ጠፋ።

«ውስጡ ብረት አለ። ይከፈት።»

ቋጠሮዬን በጣቴ ልፈታ ሞከርኩ። ራሴን ብወቅስ ይገባኛል፤ እኔም አቃተኝ። በመጨረሻ በመቀስ ተቆረጠ። ቬሎዎቹ ታፍነው ስለነበር እንደ አረፋ ገንፍለው ወጡ። ከኋላችን እልልታው እንደገና ቀለጠ፤ አሁንማ ማስረጃ አገኙ። ወጣቱ እጁን ሰደደና ከነጩ ጨርቅ መሐል ሁለት ክራንች መዝዞ አወጣ።

ክራንቹን አየ። የሰዓዳን እግር አየ። ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊው ጢማቸው የሸበተ፣ በጾም ከንፈራቸው የደረቀ ትልቅ ሰው ናቸው። የሐኪሙን ወረቀት አነበቡ፣ ፓስፖርቶቻችንን ጎን ለጎን ዘረጉ።

«አጃቢ ያስፈልጋታል ይላል። አጃቢዋ አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ምንህ ናት?»

ይህችን ጥያቄ አውቃታለሁ። በየቀኑ ማንኪያ ስመልስ የምጠይቃት የእኔው ጥያቄ ናት፤ በዓረብኛ ለብሳ መጣችብኝ። ሚስቴ ናት ብል ወረቀት ይሉኛል። ምኔም አይደለችም ብል እዚያው ቀረች። ሰዓዳ ክንዴን ለቀቀችው፤ አሁን አንተ ታውቃለህ እንደማለት ነው።

«እህቴ ናት» አልኩ።

ከኋላዬ እልልታው ቁርጥ አለ። ዓረብኛ የሚችሉት ለማይችሉት በሹክሹክታ ሲተረጉሙ ይሰማኛል። «እህቱን ነው ያገባው?» አለች አንዷ። «ዝም በይ፣ ሳናውቅ ነው ያጨበጨብነው» አለች ሌላዋ።

ኃላፊው ፓስፖርቱን እንደገና አዩ።

«እሷ ሙስሊም ናት፣ አንተ ክርስቲያን ነህ። በአባት እህትህ ናት?»

«አይደለችም።»

«በእናት?»

«አይደለችም።»

«የትውልድ ቀያችሁ አንድ ነው?»

«እኔ ከብርድ አገር ነኝ፣ እሷ ከቆላ።»

«ታዲያ በምን እህትህ ሆነች?»

መናኸሪያ ያስተማረኝ ውሸት ሁሉ ያን ሰዓት ጥሎኝ ሄደ። የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነበር።

«በሾርባ» አልኩ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ነገርኳቸው፤ አስታማሚዋ ጾም ላይ ስለሆነች መቅመስ እንደማትችል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጾም ላይ እንደሆነ፣ ስለዚህ የልጅቱን ጨው የምቀምሰው እኔ እንደሆንኩ። «ምኔም አይደለችም። ታማለች፣ እናቷ ጋ መድረስ አለባት፣ እኔ እወስዳታለሁ። እንደ እህቴ።»

ኃላፊው ፓስፖርቶቹን ከጠረጴዛው አነሱ።

«አስታማሚዋስ ምኗ ናት?»

«እሷም ምኗም አይደለችም» አልኩ።

የደረቀው ከንፈራቸው ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ሳቁ። ለወጣቱ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ተሽከርካሪ ወንበር መጣ። «ቤተሰቦቿ እስኪረከቧት ድረስ ከአጠገቧ አትራቅ፤ ግን ፍጠን፣ ሊዘጋ ነው» አሉኝ።

ካርቶኑን አየሁት። ተከፍቷል፣ ገመዱ ተቆርጧል፤ እንደገና ላሽገው ብል አውሮፕላኑ ያመልጠናል። የዓመት ሥራዬ ወለል ላይ ተዘርግቶ ነጭ ሆኗል። ሰዓዳ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ዕቃዬን ታያለች፣ እኔን ታያለች።

«ኸላስ፣ በቃ» አልኩና ወንበሩን ገፋሁ።

ያቺ መጀመሪያ እልል ያለችው ወይዘሮ ጠራችኝ። «ወንድሜ፣ ይሄንን ትተኸው ልትሄድ ነው?»

«ኪሎ ካላችሁ ያዙት። ከሌላችሁም ይቅር።»

መልሱን ሳልሰማ ሄድኩ።

አውሮፕላን ውስጥ ሰዓዳ እግሯን ጉልበቴ ላይ ዘርግታ ተኛች። ሱፌ ላይ ሂና ተለጥፎበታል። የሚገርመው፣ ስለ ቬሎዎቹ ለመናደድ ሞክሬ አቃተኝ።

ቦሌ ስንወርድ እናቷና ወንድሟ ቆመው ይጠብቃሉ። እናትየው ልጃቸውን አገላብጠው ስመው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ። «ይኼ ማነው ልጄ? ምንሽ ነው?» አሏት። ሰዓዳ ዓይኗን እንኳን ሳታርገበግብ «ወንድሜ ነው» አለች። ልክ እኔ እንዳልኩት። እሳቸውም አልመረመሩም፤ የእኔንም ፊት አገላብጠው ሳሙት።

ገና በእናትየው ምርቃት ሥር እንዳለሁ ከበሩ ሴቶች መውጣት ጀመሩ። አንዷ ቬሎ በክንዷ አንጠልጥላለች። ሌላዋ በፌስታል። አንዷ ጭራሽ ቦታ አጥታ ራሷ ላይ ደፍታው መጣች፤ ሊቀበሏት የመጡት ቤተሰቦቿ ግራ ተጋብተው ያይዋታል። «እንኩ፣ ሙሽራው» እያሉ አንድ በአንድ እጄ ላይ ከመሩልኝ። ስሜን አያውቁም፣ ኪሎ አላስከፈሉኝም፣ በምትኩ የሰጠኋቸውም ነገር የለም። አንዱ ቬሎ ብቻ ቀረ። የያዘችው ልጅ በእርግጥም ልታገባ የመጣች ነበረች። አልጠየቅኋትም።

ውድ አንባቢ፣ ከዚያ በኋላ መነኮስኩ ብዬ አልዋሽህም። ሱቄ አሁንም አለ፤ ዋጋም አልቀነስኩም፣ ከተከራከርከኝ እከራከርሃለሁ። ግን ዕቃ በነጻ ሲሰጡኝ ገልብጬ ማየቱን ትቻለሁ። ሥሩ ባዶ ሆኖ የሚገኝ ስጦታ እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁና። ካርቶን ሳስርም መጀመሪያ የምጠይቀው «መንገድ ላይ የምትደገፍበትን አውጥተሃል?» ብዬ ነው።

ስመለስ ለአለም ሁሉንም ነገርኳት። ሰዓዳ እግሯ ድኖ መራመድ ስትጀምር የላከችውን ቪዲዮ አብረን አየነው። «ሾርባዬ ነው» አለች አለም። «ጨዉ የእኔ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አለም ሌላ በሽተኛ ስታመጣ ደረጃ የምሸከመው እኔ ነኝ። አለም ሥራ የምትውልበት ቀን ሾርባውንም የምሠራው እኔ ነኝ።

አሁን ችግሩ ምን መሰለህ፤ ዘንድሮም ሁዳዴና ረመዳን ሲገጣጠሙ እኔም ሁዳዴን ጾምኩ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአለም ሰበብ ነው። ፎቅ ላይ ደግሞ ከመንሱራ ሰፈር የመጣች አዲስ በሽተኛ አለች፤ ሾርባዬን ትናንት ቀምሳ «ጋሼ፣ ይሄ ሾርባ ነው ባሕር?» አለችኝ። በሕንፃው ውስጥ የሚቀምስልኝ ሰው የለም።

ስለዚህ ይህን የምታነብ፣ ጉበይራ አካባቢ ያለህና የማትጾም ከሆንክ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ናና መጋረጃውን ገልጠህ ግባ። ክፍያ የለውም። ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅህ፤ እኔም የጀመርኩት በአንድ ማንኪያ ነው።